ሐይድን በመድኃኒት ማቆየት፦ ወጣት ሴቶች ለሚያነሡት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ

 

ረመዷን ሲቃረብ በሐዋሳ መሃል ከተማ ለሴቶች በሚሰጡ ትምህርቶች ላይ በየዓመቱ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። በአብዛኛው ስም ባልተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይቀርባል፤ ይዘቱም፦ «የወር አበባ ሳያቋርጠኝ ወሩን ሙሉ እንድጾም መድኃኒት ብወስድ ይፈቀድልኛልን?» የሚል ነው። እኛም ለረጅም ጊዜ «ጉዳት ከሌለው ይፈቀዳል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እየመለስን ወደሚቀጥለው ወረቀት እናልፍ ነበር።

በኋላ ግን ጠያቂዎቹን ምክንያታቸውን መጠየቅ ጀመርን፤ ያን ጊዜ አንድ የመሰለን ጥያቄ አራት ሆኖ ተገኘ። አንዷ በረመዷን ቀን አባቷና ወንድሞቿ ውኃ ስትጠጣ እንዳያዩዋት ስለምታፍር ነው። ሌላዋ በሐይድ ላይ ሳለች አላህ ዱዓዋን የሚሰማት አይመስላትም። ሦስተኛዋ በየወሩ ሕመም ያስተኛታል፤ ከትምህርቷም ትቀራለች። አራተኛዋ ደግሞ በፈረቃ የምትሠራ ሆና፣ የደም መፍሰሱ ከሥራ ሰዓቷ ጋር አልጣጣም ያላት ናት። በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና የከተማዋ የትምህርት ተቋማት ከየአካባቢው በርካታ ወጣት ሴቶችን ወደ ሐዋሳ ስላመጡ፣ ከእናታቸው ርቀው ይህን ጉዳይ ብቻቸውን የሚወስኑ ብዙዎች ናቸው።

ለእነዚህ አራት ሴቶች አንድ ቃል መልስ አይሆንም። ፊቅሁ መድኃኒቱን በቅድመ ሁኔታ እንደሚፈቅድ ከዚህ በታች እናብራራለን። ይሁን እንጂ አንዲት ወጣት ወደ መድኃኒቱ የሄደችው ሐይድ በአላህ ዘንድ የሚያዋርዳት መስሏት ከሆነ፣ ፈትዋ ከመስጠታችን በፊት ልናርመው የሚገባን የራሳችን ትምህርት ነው።

ስለ ሐይድ የተሸከምናቸው ቃላት

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የሚቃረኑ ስሞች አሉት። «የወር አበባ» ውብ ስም ነው። ከጎኑ ግን «አደፍ» የሚለው ቃል አለ፤ መቆሸሽን ያስታውሳል። «መርገም» የሚለውም አለ። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሴቶቻቸው በደም ጊዜያቸው ከመኖሪያ ቤት ተለይተው የሚቆዩባትን ጎጆ «የመርገም ጎጆ» ይሏት ነበር። ይህ የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ቋንቋ የጋራ በመሆኑ የቃሉ ስሜት ወደ ሙስሊሙ ቤትም ገብቷል። በሐይድ ላይ ያለች ልጅ ሊጥ እንዳታቦካ፣ የታመመ ሰው እንዳትጠይቅ፣ ከትምህርት ክበብ ራቅ ብላ እንድትቀመጥ የሚነገራት ቤት አለ። የሚያዝዟት ሰዎች ይህ የዲን ትእዛዝ ይመስላቸዋል።

አላህ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 222 ሐይድን የገለጸው «አዛ» በሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በዚያው ሱራ አንቀጽ 196 ላይ በኢሕራም ላይ ሳለ ራሱን የሚያመውን ሰው ለመግለጽ፣ በሱረቱን ኒሳእ አንቀጽ 102 ላይ ደግሞ ዝናብ በሠራዊት ላይ የሚያደርሰውን ችግር ለመግለጽ ገብቷል። ዝናብ የሚያስቸግረው ተዋጊ ርኩስ አይባልም፤ ራሱን የሚያመው ሐጃጅም የተረገመ አይደለም። ደሙ ነጃሳ መሆኑ በፊቅህ የታወቀ ነው፤ ነጃሳነቱ ግን የደሙ እንጂ የሴቲቱ አካል ወይም የሰብእናዋ አይደለም።

የአንቀጹ የመውረድ ምክንያትም ይህን ያጠናክራል። ሙስሊም በዘገቡት የአነስ (ረ.ዐ) ሐዲስ እንደተገለጸው፣ በመዲና የነበሩ አይሁዶች በሐይድ ላይ ካለች ሴት ጋር አብረው አይበሉም፣ በአንድ ቤትም አይቀመጡም ነበር። ባልደረቦች ስለዚህ ሲጠይቁ አንቀጹ ወረደ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በስተቀር ሌላው ሁሉ እንደሚፈቀድ አስተማሩ። በተግባርም የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሐይድ ላይ ሳሉ ከጠጡበት የዕቃው ከንፈር ላይ አፋቸውን አድርገው ጠጥተዋል፤ በጭናቸው ላይ ተደግፈውም ቁርኣን ቀርተዋል። ሊጥ እንዳታቦካ የምትከለከለው ልጅ ይህን ሐዲስ ሰምታ ታውቃለችን?

ከሁሉም በላይ ለወጣቶቻችን ልንነግራቸው የሚገባው በሐጅ ጉዞ ላይ በሰሪፍ የሆነውን ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወደ መካ ሲቃረቡ ሐይድ መጣባቸውና አለቀሱ። የዛሬዋ ወጣት በረመዷን የምታለቅሰውን ልቅሶ ያኔ እርሳቸው አልቅሰውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩ አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የወሰነው መሆኑን ነግረው አጽናኗቸው፤ ከጦዋፍ በስተቀርም ሐጃጅ የሚሠራውን ሁሉ እንዲሠሩ አዘዙ። በዚህ መልስ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ከሰዎች መለየትም የለም። ያለው ለጊዜው የቆመ አንድ ዒባዳና የሚቀጥሉ ብዙ ዒባዳዎች ናቸው።

እዚህ ላይ «የዲን ጉድለት» የሚለው ሐዲስ መነሣቱ አይቀርም። ወጣቶቹ ይህን ሐዲስ ከነማብራሪያው ሳይሆን ከነቀልድ ነው የሚሰሙት። ኢማም ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ይህ ጉድለት ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ሴቲቱ ሶላቱን የምትተወው ግዴታዋ ስለሆነ መሆኑን አስረድተዋል። በሐይዷ ወቅት ብትጾም ታምጻለች፤ መብላቷ መታዘዝ ነው። ስለዚህ በረመዷን ቀን ውኃ የምትጠጣው ልጅ በዚያች ሰዓት የጌታዋን ትእዛዝ እየፈጸመች ነው። አባቷ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እርሷ ከማጀት ተደብቃ ባልጠጣች ነበር።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ፈትዋ የሚሰጥ ሰው የሚፈርድበትን ነገር ማወቅ ይገባዋል። በየወሩ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍራል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን ሽፋኑን ያጸናዋል። እርግዝና ካልተፈጠረ የሁለቱም መጠን ይወርድና ሽፋኑ ተለይቶ በደም መልክ ይወጣል። መድኃኒቶቹ የሚሠሩት ይህ መውረድ እንዳይከሰት በማድረግ ወይም ሽፋኑን በማሳሳት ነው። ደም በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ የሚወፍር ሽፋን ከሌለ የሚፈስ ነገርም የለም።

በአገራችን በሥራ ላይ ያሉት ዓይነቶች በዋናነት አራት ናቸው። የመጀመሪያው ኖሬቲስቴሮን የተባለው ክኒን ነው። ወሩን ለአጭር ጊዜ ለማዘግየት ደሙ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቀን 3 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ሲቆም ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ደሙ ይመለሳል። ሁለተኛው ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ነው፤ በብዛት 21 ሆርሞን ያላቸውና 7 ሆርሞን የሌላቸው ፍሬዎች አሉት፤ ሰባቱን ትቶ አዲስ እሽግ በመጀመር ደሙ ይዘገያል። ሦስተኛው በየሦስት ወሩ የሚሰጠውና ሕዝቡ «ዲፖ» የሚለው መርፌ፣ አራተኛው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ነው።

በተለይ መርፌው የጉዳዩን ስፋት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ከባለትዳር ሴቶች 41 በመቶ ያህሉ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀማሉ፤ 27 በመቶ ያህሉ በመርፌ ነው። መርፌውን ለአንድ ዓመት ከተጠቀሙ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ደም ማየት ያቆማሉ። ስለዚህ የሐይድ መቆም በረመዷን ብቻ የሚነሣ የጥቂት ወጣቶች ጥያቄ አይደለም፤ በየመስጂዳችን የሚሰግዱ ብዙ እናቶችና እኅቶች ሳያስቡት የሚኖሩበት ሁኔታ ነው።

ጉዳቱን በተመለከተ የሕክምናው ዓለም አቋም መካከለኛ ነው። ለአብዛኞቹ ጤነኛ ሴቶች በሐኪም ክትትል ሐይድን ማቆየት አደገኛ ተደርጎ አይታይም፤ ከባድ ደም ለሚፈሳቸው፣ ደም ማነስ ላለባቸው ወይም ብርቱ ሕመም ለሚሰማቸው ሕክምናም ነው። ነገር ግን ኢስትሮጅን ያለባቸው ክኒኖች ቀድሞ የደም መርጋት ለደረሰባት፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ላለባት፣ ከዕይታ መዛባት ጋር የሚመጣ ማይግሬን ለሚይዛት ሴት አይመከሩም። ኖሬቲስቴሮንም የደም መርጋት ታሪክ ላለባት አይሰጥም። መርፌው የአጥንትን ጥንካሬ ሊቀንስ ይችላል፤ ካቆመች በኋላም የማርገዝ አቅሟ እስኪመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ ገዝቶ መዋጥ፣ ወይም ከጓደኛ የተረፈ ክኒን መውሰድ፣ ከዚህ የተነሣ በሸሪዓም ሚዛን የተወገዘ ነው።

የሊቃውንት አቋም

ጥያቄው ዘመናዊ ቢመስልም ከመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ጀምሮ የታወቀ ነው። ዓብዱረዛቅ አስሶንዓኒ በሙሶነፋቸው እንደዘገቡት፣ ዓብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ደሟን የሚያቆም መድኃኒት ልትጠጣ ስለፈለገች ሴት ተጠይቀው ችግር አላዩበትም፤ እንዲያውም የአራክን ዛፍ ውኃ ጠቁመዋል። የመካው ሊቅ ዓጧእም በመድኃኒት ደሟ የቆመ ሴት ንጽሕናን ካየች ጦዋፍ ማድረግ እንደምትችል መልሰዋል። ኢብኑ ቁዳማ በአል-ሙግኒ ከኢማም አሕመድ ያስተላለፉት ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ከሆነ ችግር የለበትም የሚል ነው። በማሊኪያ መዝሀብ ኢብኑ ኪናና ነገሩን ጠልተውታል፤ ኢብኑ ሩሽድም የመጥላቱ ምክንያት በሰውነቷ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ መሆኑን አብራርተዋል።

እነዚህን አቋሞች ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነታቸው ጠባብ ነው። የፈቀዱት የመድኃኒቱን መታወቅ ቅድመ ሁኔታ አድርገዋል፤ የጠሉትም ጉዳትን ፈርተዋል። የሁሉም ማዕከል የሴቲቱ ደኅንነት ነው። የዘመናችን የፈትዋ አካላትም በሐጅና በረመዷን መጠቀምን የፈቀዱት ባለሙያ ሐኪም ከተማከረ በኋላ ነው። ለባለትዳር ሴት፣ መድኃኒቱ እርግዝናን የሚነካ በመሆኑ፣ ከባሏ ጋር መመካከር ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ መሆኑን የጠቀሱ አሉ።

ሐጅና ረመዷን ግን በፍላጎት ደረጃ እኩል አይደሉም። በሐጅ ሴቲቱ ጦዋፈል ኢፋዷን ሳትፈጽም የመመለሻ በረራዋ ሊደርስ ይችላል፤ በሐይድ ላይ ሆና ጦዋፍ ማድረጓ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ አይጸናም። ኢብኑ ተይሚያ ለተቸገረች ሴት ቢፈቅዱም ጉዳዩ አከራካሪ ነው፤ ስለዚህ እዚያ መድኃኒቱ እውነተኛ ችግርን ይፈታል። በረመዷን ግን አላህ ራሱ መውጫውን አዘጋጅቷል፤ የቀረውን ቀን ቀዷ ማውጣት ነው። ዓኢሻም (ረ.ዐ) የረመዷን ቀዷቸውን እስከ ሻዕባን ያዘገዩ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከወጣቶቻችን መካከል ከእርሳቸው የበለጠ ጾም ሊኖራት የምትፈልግ ካለች፣ እርሳቸው ያለ ኃፍረት ያወጡትን ቀዷ ልናስታውሳት ይገባል። ከሊቃውንት መካከል ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን በረመዷን መድኃኒቱን አለመጠቀም የተሻለ መሆኑን የመከሩትም ከዚህ በመነሣት ነው።

ከፈትዋው በኋላ የሚመጡ ሦስት ጉዳዮች

የመጀመሪያው ጠብታ ደም ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁርጥርጥ ደም ያመጣሉ። በአገራችን በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ ትንሹ የሐይድ መጠን አንድ ቀንና ሌሊት (24 ሰዓት)፣ ትልቁ 15 ቀን፣ በሁለት ሐይዶች መካከል ያለው ትንሹ ንጽሕናም 15 ቀን ነው። ስለዚህ 15 ቀን ከጠራች በኋላ ደም ያየች ሴት ሶላትና ጾም ታቆማለች። ደሙ ሲቆም ታጥባ ትሰግዳለች፣ ትጾማለች። በ15 ቀን ውስጥ የታየው ደም ተደምሮ 24 ሰዓት ካልሞላ ሐይድ አልነበረም፤ ያቋረጠችውን ሶላትና ጾም ቀዷ ታወጣለች። 24 ሰዓት ከሞላ ግን በመዝሀቡ በተመረጠው አቋም በመካከል ያሉት የጠሩ ቀናት ጭምር ሐይድ ይሆናሉ፤ በእነዚያ ቀናት የጾመችውንም ትደግመዋለች፤ ኃጢአት ግን የለባትም። በሐነፊይ መዝሀብ ትንሹ 3 ቀን፣ ትልቁ 10 ቀን በመሆኑ ብይኑ ይለያል፤ መልስ ሰጪው የጠያቂዋን መዝሀብ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ የሚወጣውን ውጤት ልብ እንበል። ረመዷን ሊገባ ቀናት ሲቀሩ መድኃኒት የጀመረች ወጣት ስድስት ወይም ሰባት ቀን ላለማጣት ብላ፣ አሥራ አምስት ቀን በሚቆራረጥ ደም ተጨንቃ ከቀድሞው የበለጠ ቀዷ ሊኖርባት ይችላል። ይህን አስቀድማ ብታውቅ ውሳኔዋ ሌላ በሆነ ነበር። ይፈቀዳል ብለን ይህን ሳንነግራት ብንቀር አማናችንን አጉድለናል።

ሁለተኛው፣ ክኒኑ ሲቋረጥ የሚመጣው ደም ነው። ሐኪሞች ይህን ደም ሆርሞኑ በመቋረጡ የመጣ እንጂ የተፈጥሮ የወር አበባ እንዳልሆነ ይለዩታል። ልዩነቱ በሕክምና ረገድ ትክክል ነው። የፊቅህ ብይን ግን የሚመሠረተው ከማህፀን በወጣው ደም መኖር፣ በጊዜውና በመጠኑ ላይ ነው። ደሙ መስፈርቱን ካሟላ ሐይድ ነው። በመድኃኒት ከቆመም ሴቲቱ ንጹሕ ናት፤ ሶላቷ፣ ጾሟና ጦዋፏ የጸና ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዒዳ ጉዳይ ነው። የተፈታች ሴት ሐይድ የምታይ ከሆነች ዒዳዋ ሦስት ቁሩእ ነው፤ በሱረቱጥ ጦላቅ አንቀጽ 4 የተጠቀሰው ሦስት ወር ደግሞ ሐይድ ለቋረጠባቸውና ገና ላላዩ ነው። በዲፖ ምክንያት ደሟ የቆመ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ከሁለቱም ውስጥ አይደለችም። በሻፊዒይ መዝሀብ ደሟ በታወቀ ምክንያት የቆመ ሴት እስኪመለስላት ትጠብቃለች። ስለዚህ ኒካሕ የሚያስር ኢማም «ከተፈታች ሦስት ወር አልፏታል» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ አይሰር፤ መርፌ ትወስድ እንደሆነ በአክብሮት በሴት በኩል ያስጠይቅ፤ ከተጠራጠረም ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይምራት። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት የትዳርንና የዘርን ጉዳይ ያበላሻል።

ለመምህራንና ለኢማሞች

የአንሷር ሴቶች ዲናቸውን ከመማር ኃፍረት እንዳላገዳቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ) አሞግሰዋቸዋል። የእኛ ልጆች ስም በሌለው ወረቀት የሚጠይቁት ኃፍረታቸው ከእነዚያ ስለበለጠ ብቻ አይደለም፤ የምንመልስበት መንገድ አስፈርቷቸዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

የሐይድ ትምህርት ደሙ ከመምጣቱ በፊት ይሰጥ። በሻፊዒይ ኪታቦች ሐይድ ሊታይ የሚችልበት ትንሹ ዕድሜ ዘጠኝ የጨረቃ ዓመት ነው፤ በመድረሳም ትምህርቱ ከዚህ ዕድሜ ጀምሮ በሴት መምህር ቢሰጥ ልጅቱ በድንጋጤ አትያዝም። ለአባቶችና ለወንድሞችም በኹጥባ ይነገር፤ በረመዷን ቀን የምትበላን ልጅ «ለምን?» ብሎ አለመጠየቅ የአደብ አካል ነው።

በሐይድ ወቅት የማይቋረጡት ዒባዳዎች በዝርዝር ይነገሩ፦ ዚክር፣ ዱዓ፣ ኢስቲግፋር፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማውረድ፣ ቁርኣን ማዳመጥ፣ ሶደቃ፣ ጾመኛ ማስፈጠር። የለይለተል ቀድር ሌሊት ለእርሷም ክፍት ነው። በዒድም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሐይድ ላይ ያሉ ሴቶች ጭምር ወጥተው ከመስገጃው ራቅ ብለው በመልካሙ ነገርና በዱዓው እንዲካፈሉ ማዘዛቸውን ኡሙ ዓጢያ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል።

ጥያቄው ሲመጣም ቅደም ተከተል ይኑረው። መጀመሪያ ለምን እንደፈለገችው ትጠየቅ። ምክንያቷ ኃፍረት ወይም የተሳሳተ እምነት ከሆነ እርሱ ይስተካከል። ሕመም ከሆነ ወደ ሐኪም ትላክ፤ በየወሩ የሚያስተኛ ሕመም ምርመራ የሚሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና «ሴትነት ነው» ተብሎ አይታለፍ። ሐጅ ወይም የሥራ ችግር ከሆነ ጊዜው ሳይደርስ ሐኪም እንድታማክርና ጠብታ ደም ሊያጋጥማት እንደሚችል ይነገራት። ያላገባች ወጣት የሆርሞን መድኃኒት ስትወስድ ብትታይም በዝሙት አትጠርጠር፤ መጥፎ ጥርጣሬ ሐራም መሆኑን የምናስተምረው እኛው ነንና።

እኛም ዛሬ ወረቀቱ ሲደርሰን ቀድሞ እንሰጥ የነበረውን ዓረፍተ ነገር አልተውነውም፤ ጉዳት ከሌለው ይፈቀዳል። ከእርሱ በፊት ግን የሰሪፍን ታሪክ እንነግራለን። ታሪኩን ከሰሙ በኋላ መድኃኒቱን የሚመርጡ አሉ፤ መብታቸው ነው። ጥቂት የማይባሉትም ቀዷቸውን ቆጥረው ሻዕባን ሳያልቅ ለማውጣት ይወስናሉ። ሁለቱም የወሰኑት አውቀው ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ወላሁ አዕለም።